ከመርከብ ወደ መዳብ ሰሌዳ፤ የሻርል ሜሪዮን የሕይወት ታሪክ

በ1853 ዓ.ም. ፌሊክስ ብራክሞን የሚባል የሃያ ዓመት ፈረንሳዊ ሠዓሊ የአንድ ወዳጁን መልክ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ቀርጾ በጥቁር ቀለም አተመ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በወረቀቱ ላይ የሚታየው ሰው የመኮንን ልብስ አልለበሰም፤ ሰይፍም አልታጠቀም። ነገር ግን ይህ ሰው እስከ ደቡብ ፓስፊክ ውቅያኖስ ድረስ የተጓዘ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል መኮንን ነበረ። ማዕረጉንና ደመወዙን በፈቃዱ ትቶ፣ እጁ በቀለምና በአሲድ የሚበላሽበትን ሥራ መረጠ። ስሙ ሻርል ሜሪዮን ይባላል። ዛሬ የዓለም ታላላቅ ሙዚየሞች የእጁን ሥራ በክብር ይዘውት ይገኛሉ፤ በሕይወቱ ሳለ ግን የሚገዛው አጥቶ በድህነት ኖሮአል።

ውድ አንባቢዎች! ይህን የሩቅ አገር ሰው ታሪክ ለማቅረብ የተነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ተማሪዎች ዲግሪ ከተቀበልን በኋላ ስለምንይዘው ወንበር አዘውትረን እንነጋገራለን፤ በእጃችን ስለምንሠራው ነገር ግን የምንነጋገረው ጥቂት ነው። ሜሪዮን ወንበሩን በእጁ ሥራ ለወጠው። ያገኘውንም ያጣውንም አብረን እንመልከት።

ሻርል ሜሪዮን በኅዳር ወር 1821 ዓ.ም. በፓሪስ ተወለደ። እናቱ ናርሲስ ሻስፑ በፓሪስ ኦፔራ ቤት ዳንሰኛ ነበረች። አባቱ ቻርልስ ሉዊስ ሜሪዮን እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፤ በሊባኖስ ተራራ ላይ መኖሪያዋን ያደረገችው ዝነኛዋ እንግሊዛዊት ወይዘሮ የሄስተር ስታንሆፕ ሐኪም በመሆኑ ስሙ ይታወቃል። አባትና እናት በጋብቻ የተሳሰሩ አልነበሩም። ሕፃኑ በመጀመሪያ በእናቱ ስም ተጠራ፤ ጥቂት ቆይቶ አባቱ ልጄ ነው ብሎ ስሙን ሰጠው፤ ለማሳደጊያውም ገንዘብ ይልክ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያን ዘመን ያለ ጋብቻ የተወለደ ልጅ በሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ነበረ። ሜሪዮንም ይህን ነገር ካወቀ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ በልቡ ይዞት ኖረ።

በ1837 ዓ.ም. በብሬስት ከተማ ከሚገኘው የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ገባ። በሚቀጥለው ዓመት እናቱ ሞተች። ትምህርቱን ፈጽሞ በ1839 ዓ.ም. ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ወጣ፤ አልጀርስን፣ አቴናንና ሰምርኔስን አየ። ወደብ በደረሱ ቁጥር እርሳስና ወረቀት አውጥቶ ያየውን ይስል ነበር። ቱሎን በነበረበት ጊዜም ከአንድ ሠዓሊ ትምህርት ቀስሞአል።

ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን ባሕር ሳናይ ያደግን ነን። ከሃላሌ ለመጣ ተማሪ ትልቅ ውሃ ማለት ኦሞ ነው፤ ወዲህ ማዶ ወላይታ፣ ወዲያ ማዶ ዳውሮ ይታያል። ሜሪዮን የገባበት ውሃ ግን ማዶ የለውም። በ1842 ዓ.ም. ራን በምትባል የጦር መርከብ ተሳፍሮ ከፈረንሳይ ተነሣ፤ በ1843 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኒው ዚላንድ ደቡብ ደሴት ከምትገኘው ከአካሮዋ ወደብ ደረሰ። እስከ 1846 ዓ.ም. ድረስም በዚያ አካባቢ ቆየ።

መርከቢቱ ወደዚያ የተላከችበት ጉዳይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ፈረንሳዮች በ1840 ዓ.ም. አካሮዋ ላይ ሰው ለማስፈር ሲደርሱ፣ እንግሊዞች በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ከማዖሪ ባላባቶች ጋር የዋይታንጊን ውል ተፈራርመው አገሩን በእጃቸው አድርገው ነበር። ስለዚህ የራን ሥራ በእንግሊዝ ባንዲራ ሥር የቀሩትን ጥቂት ፈረንሳውያን ሰፋሪዎችና ዓሣ ነባሪ አዳኞች መጠበቅ ሆነ። ሁለቱ መንግሥታት በዚያው ጊዜ በእኛም አገር ይሽቀዳደሙ እንደነበር እናስታውስ። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1841 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር፣ በ1843 ዓ.ም. ደግሞ ከፈረንሳይ ጋር የወዳጅነት ውል የተዋዋሉት በዚህ ሽቅድምድም ምክንያት ነው። ወጣቱ ሜሪዮን እንግዲህ የዚያ ትልቅ ጨዋታ አንድ ትንሽ ጠጠር ነበር። በአካሮዋ ግን ጠመንጃ ከመተኮስ ይልቅ ጎጆዎችን፣ የማዖሪዎችን ጎተራ፣ ጀልባዎችንና ዓሣ አጥማጆችን ሲስል ጊዜውን አሳለፈ።

ወደ አገሩ ሲመለስ ልቡ ቆርጦ ነበር፤ ታላቅ ሠዓሊ ለመሆን ፈለገ። የመረጠውም ርእስ ታላቅ ነው፤ ማሪዮን ዱ ፍሬን የሚባለው ፈረንሳዊ የመርከብ አዛዥ በ1772 ዓ.ም. በኒው ዚላንድ በማዖሪዎች እጅ የተገደለበትን ታሪክ በትልቅ ሸራ ላይ ሊያወጣ አሰበ። ንድፉን በ1848 ዓ.ም. በፓሪሱ ዓመታዊ የሥዕል ኤግዚቢሽን ላይ አሳየ። በዚሁ ዓመት ከባሕር ኃይል ተሰናበተ።

እዚህ ላይ ዕድል በሩን ዘጋችበት። ሜሪዮን ቀይን ከአረንጓዴ አጥርቶ የማይለይ ዐይን እንዳለው ታወቀ። ይህ ጉድለት ከትውልድ የሚመጣ ነው፤ በአውሮፓ ወንዶች ዘንድ ከመቶው ስምንቱን ያህል ይይዛል፤ ለዕለት ኑሮ ብዙም አያውክም። ለአንድ ሠዓሊ ግን መርዶ ነው። መኮንንነቱን ትቶ ወጥቶአል፤ የወጣበት ሥራ ደግሞ አልሆን አለ። ዕድሜው ያን ጊዜ ሃያ ሰባት ዓመት ገደማ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ወዳጅ ዘመድ ሄዶ ማዕረጉን ለማስመለስ ደጅ በጠና ነበር። ሜሪዮን ግን ኤውዤን ብሌሪ ከሚባል የመዳብ ቀራጭ ዘንድ ሄዶ እንደ ማንኛውም ሙያ ለማጅ ተቀመጠ። ቀይና አረንጓዴ የማያስፈልጉበት ጥበብ አንድ ብቻ ነውና፤ እሱም ከጥቁርና ከነጭ በቀር ሌላ ቀለም የማያውቀው ሕትመት ነው።

የሥራው አኳኋን እንዲህ ነው። የተወለወለ የመዳብ ሰሌዳ ሰምና ሬንጅ በተቀላቀለበት ልባስ ይሸፈናል። ቀራጩ በመርፌ ልባሱን እየጫረ ይስላል፤ መርፌው ባለፈበት ሁሉ መዳቡ ይገለጣል። ከዚያ ሰሌዳው ከአሲድ ውስጥ ይነከራል። አሲዱ ሰም ያለበትን ትቶ የተገለጠውን መስመር ይበላል፤ ረዘም ላለ ጊዜ የቆየው መስመር ጥልቅ፣ ቶሎ የወጣው ደግሞ ቀጭን ይሆናል። ሰሙ ከተጠረገ በኋላ ቀለም ይቀባል፤ ላይ ላዩ ተወልውሎ ቀለሙ በመስመሮቹ ውስጥ ብቻ ይቀራል። በመጨረሻም እርጥብ ወረቀት ተደርጎበት በከባድ መጭመቂያ ሥር ሲያልፍ፣ ወረቀቱ ቀለሙን ከጉድጓዱ ስቦ ያወጣል። ስለዚህ በሰሌዳው ላይ በቀኝ የተሳለው በወረቀቱ ላይ በግራ ይሆናል፤ ቀራጩም ዓለምን ገልብጦ ማሰብ አለበት።

በሰምና ወርቅ ላደገ ሕዝብ ይህ ሥራ እንግዳ መምሰል የለበትም። አንጥረኛው ሰሙን አቅልጦ ወርቁን እንደሚያስቀር፣ የመዳብ ቀራጩም ሰሙን ፍቆ መስመሩን ያስቀራል። የተማሪ መጽሔት የተባዛበትም ስቴንስል ሰም የተቀባ ወረቀት ነው፤ የታይፕ ፊደል ሰሙን በስቶ ለቀለሙ መንገድ ሲከፍትለት በአንድ ሌሊት መቶ ገጽ ወጥቶአል። የሥራው ዓይነት ቢለያይም የሐሳቡ ሥር አንድ ነው፤ አንድ ጊዜ በትዕግሥት የተቀረጸ ነገር ብዙ ሰው እጅ ይገባል።

በዚያን ዘመን በፈረንሳይ የዘይት ቀለም ሠዓሊ ከፍ ብሎ፣ የመዳብ ቀራጭ ዝቅ ብሎ ይታይ ነበር። ቀራጩ የሌሎችን ሥዕል እየገለበጠ የሚያባዛ ባለ እጅ ተደርጎ ይቈጠራል። በእኛ አገርስ? ብረት ቀጥቃጩን፣ ቆዳ ፋቂውን፣ በወላይታም ቺናሻ እየተባለ የሚጠራውን ሸክላ ሠሪ በጋብቻና በማዕድ ስንሸሸው ኖረናል፤ ያለ እሱ ማረሻም እንስራም እንደሌለን እያወቅን። ሜሪዮን ከመኮንንነት ወደዚህ ዓይነቱ ደረጃ በፈቃዱ መውረዱን በዚህ ልክ መዝነን ማየት ይገባናል።

ብሌሪ ዘንድ ሳለ የቀድሞ ሊቃውንትን ሥራ እየገለበጠ ተማረ። ከሁሉ አብልጦ የወደደው በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት የነበረውን ሆላንዳዊ ሬይኒር ኖምስን ነው። ይህ ሰው መርከቦችንና ወደቦችን ስለሚስል ዜማን፣ ማለት መርከበኛው፣ ተብሎ ይጠራ ነበር። ዜማን በአንድ ወቅት ፓሪስን በመዳብ ላይ ቀርጾ ነበርና፣ ሜሪዮን ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ያንኑ ከተማ በመርከበኛ ዐይን ሊያየው ተነሣ። ሥራውንም በግጥም ለዜማን መታሰቢያ አደረገው።

ከ1850 እስከ 1854 ዓ.ም. ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለ ፓሪስ ሃያ ሁለት ያህል ሰሌዳዎችን ቀረጸ። መጀመሪያው የትንሹ ድልድይ ሥዕል ነው። ከወንዙ ዳር ዝቅ ብሎ ድልድዩን ያየዋል፤ የኖትር ዳም ቤተ ክርስቲያንን ማማዎች ግን ከዚያ ቦታ ሊታዩ ከሚችሉት በላይ ከፍ አድርጎ አቆማቸው። ሁለት እይታዎችን በአንድ ወረቀት አጋጠመ ማለት ነው። መስመሩ እንደ መሐንዲስ ንድፍ የጠራ ነው፤ በባሕር ኃይል ትምህርት ቤት የተማረው ሥርዓት በእጁ ላይ ቀርቶአልና። ብርሃኑና ጥላው ግን የመሐንዲስ አይደለም፤ ከጥላው ውስጥ አንድ ክፉ ነገር የሚመጣ ይመስላል።

በ1853 ዓ.ም. የቀረጸው ከሁሉም ይበልጥ የታወቀ ነው። ከኖትር ዳም ማማ ጫፍ ላይ ቀንድና ክንፍ ያለው የድንጋይ አውሬ ጉንጩን በእጆቹ ደግፎ ከተማይቱን ቍልቍል ይመለከታል፤ ቍራዎችም በዙሪያው ይበራሉ። ብዙ ሰው ይህን አውሬ የመካከለኛው ዘመን ሥራ አድርጎ ያስበዋል፤ እውነቱ ግን ቤተ ክርስቲያኑ በሜሪዮን ዘመን ሲታደስ በቦታው የተተከለ አዲስ ድንጋይ ነበር። በ1854 ዓ.ም. ደግሞ በሴን ወንዝ ዳር ይገኝ የነበረውን፣ ወገን ያልታወቀ አስከሬን እየተቀመጠ የሚታይበትን ቤት ቀረጸ። ሰዎች ከወንዙ የወጣ ሬሳ ተሸክመው ይታያሉ፤ አንዲት ሴት ታለቅሳለች፤ ከላይ በአጥሩ ላይ የተደገፈው ሕዝብ ትርኢት እንደሚያይ ቍልቍል ይመለከታል። ለሕንፃው የተሰጠውን ያህል ጥንቃቄ ለድሃው ሬሳም ሰጥቶታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንድረስ። ሜሪዮን ይህን ሁሉ ሲሠራ ያ ከተማ ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር። ናፖሌዎን ሦስተኛ በ1853 ዓ.ም. ባሮን ኦስማንን የፓሪስ ገዢ አድርጎ ሾመው፤ እሱም ጠባቡንና አሮጌውን ሰፈር እያፈረሰ ሰፋፊ ጎዳናዎችን አወጣ። አዲሱ ከተማ የውሃና የፍሳሽ ቦይ፣ አየርና ብርሃን አገኘ፤ ይህ መልካም ነው፤ አይካድም። በዚያው ላይ ግን የስንት ትውልድ መኖሪያ ከምድር ጠፋ፤ ድሃውም ወደ ዳር ተገፋ። ሜሪዮን በ1852 ዓ.ም. ያወጣው አንድ ሥዕል፣ በቲክሴራንድሪ መንገድ የነበረች አንዲት ትንሽ ማማ ናት፤ በ1851 ዓ.ም. የፈረሰች መሆኗን ከርእሱ ላይ አስፍሮአል። በኖትር ዳም ድልድይ አጠገብ የነበረው ትልቅ የውሃ መሳቢያም በ1852 ዓ.ም. ተቀርጾ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ፈረሰ። ኦስማን በሺህ የሚቈጠር ሠራተኛ ነበረው፤ ሜሪዮን አንድ መርፌ ነበረው። ዛሬ አሮጌይቱን ፓሪስ ለማየት የሚፈልግ ሰው ወደ መርፌው ሥራ ይሄዳል።

ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ ገዢ አልተገኘም። ስብስቡን በጥቂት ፍራንክ ለመሸጥ ራሱ እየዞረ ይለምን ነበር። ብራክሞን ያንን መልኩን የቀረጸው በዚህ የችግር ዘመን ነው። ብራክሞን ከሠራቸው መልኮች በአንዱ ሥር ሜሪዮን በገዛ ፊቱ ላይ የሚቀልድ ግጥም ጻፈ። ወዳጆቹ ግን ቀልዱ እየቀነሰ፣ ጥርጣሬው እየበዛ መሄዱን አስተዋሉ። ጠላቶች ያሤሩብኛል ይል ጀመር፤ ከሰው ይሸሽ ጀመር። በግንቦት ወር 1858 ዓ.ም. በፓሪስ አጠገብ ከሚገኘው የሻራንቶን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባ።

በ1859 ዓ.ም. ሲወጣ ታላቁ ባለቅኔ ሻርል ቦድሌር በዚያ ዓመት ስለ ሥዕል ኤግዚቢሽን በጻፈው ጽሑፍ ውስጥ ስሙን በአድናቆት አንሥቶት አገኘው። ቪክቶር ሁጎም ከስደት ቦታው ሆኖ ሥራውን አመሰገነ። ቦድሌር ለፓሪስ ሥዕሎች አዲስ እትም ጽሑፍ ሊያዘጋጅለት ተነጋገሩ፤ ነገር ግን አልተግባቡም። ባለቅኔው ስለ ሕልምና ስለ ከተማ ሊጽፍ አሰበ፤ መርከበኛው ግን የእያንዳንዱ ሕንፃ ታሪክ በትክክል እንዲጻፍለት ፈለገ። ሜሪዮን በንግግራቸው መካከል፣ አሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር ፖ በእርግጥ የነበረ ሰው መሆኑን እንደሚጠራጠር፣ መጻሕፍቱንም የጻፈው አንድ የተደራጀ ማኅበር እንደሚመስለው ነገረው። ቦድሌርም አዝኖ ተመለሰ። መጽሐፉ ሳይወጣ ቀረ።

በቀሩት ዓመታት ባሕሩ ወደ ሥዕሎቹ ተመልሶ መጣ። የድሮውን የአካሮዋ ንድፍ አውጥቶ የትንሿን የፈረንሳውያን ሰፈር፣ መረብ ጣዮቹንና የማዖሪዎቹን ጎተራ በመዳብ ላይ ቀረጸ። በ1864 ዓ.ም. በፓሪስ መካከል የሚገኘውን አንድ ትምህርት ቤት ሲቀርጽ፣ ከጣራዎቹ ጀርባ ባሕርና ተራራ ጨመረበት። የባሕር ኃይል ሚኒስቴርን ሕንፃ ሲቀርጽ ደግሞ ከሰማይ ፈረሶች፣ ዓሣ ነባሪዎችና አውሬዎች ወደ ሕንፃው ሲወርዱበት አሳየ። ያ ሚኒስቴር የቀድሞ አለቃው ነበር።

አንዳንድ ጸሐፊዎች እብደቱ ጥበብ ሰጠው ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ዓመቶቹም አያስማሙም። የበለጡት ሥራዎቹ ሁሉ ከ1850 እስከ 1854 ዓ.ም. ድረስ፣ ማለት ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት የተሠሩ ናቸው። የሠራቸው ትዕግሥት፣ ትምህርትና የእጅ ልምድ ነው። ሕመሙ የወሰደበት እንጂ የሰጠው አይደለም፤ የገዛ ራሱን የፓሪስ ሰሌዳዎች በጭረት ሰርዞ ዳግመኛ እንዳይታተሙ ያደረገው ከታመመ በኋላ ነው። ድህነትንና ሕመምን የጥበብ እናት አድርገን ብናወድሳቸው፣ በአጠገባችን ያለው ባለ ጥበብ ሲራብ እጃችንን አጣጥፈን ለመቀመጥ ምክንያት እናገኛለን ማለት ነው።

በ1866 ዓ.ም. ጥቅምት ወር እንደገና ሻራንቶን ገባ፤ ከዚያም አልወጣም። በመጨረሻ ምግብ የድሆች ድርሻ ነው በማለት አልበላም አለ። በየካቲት ወር 1868 ዓ.ም. በአርባ ስድስት ዓመቱ ሞተ፤ የኛው ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከመሞታቸው ሁለት ወር ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ብራክሞን ለመቃብሩ የመዳብ ሰሌዳ ቀርጾ አኖረለት፤ ለመዳብ ቀራጭ ከዚህ የተሻለ ሐውልት የለም።

ከሞቱ በኋላ ዋጋው ወጣ። ፊሊፕ ቡርቲ የሚባል ሐያሲ ገና በ1863 ዓ.ም. የሥራዎቹን ዝርዝር አዘጋጅቶ አሳትሞ ነበርና ሰብሳቢዎች ይፈልጉት ጀመር። ሌላው በሕመምና በድህነት የተሠቃየው ሠዓሊ ቫን ጎግም ከአድናቂዎቹ አንዱ ነበር። በጥቂት ፍራንክ ገዢ ያጣው ወረቀት ከጥቂት ዓሥርት ዓመታት በኋላ በከፍተኛ ዋጋ ተሸጠ። ከዚህ ሁሉ ገንዘብ ለሜሪዮን አንዲት ቍራሽ ዳቦ አልደረሰችውም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ! ከዚህ ሰው ሕይወት ሁለት ነገር ብንይዝ ይበቃናል እላለሁ። አንደኛው፣ የተዘጋብንን በር እያየን እድሜያችንን መጨረስ አይገባንም። ሜሪዮን ቀለም አልሆንልህ ሲለው የተረፈውን ጥቁርና ነጭ አንሥቶ እስከ ዳር ሄደበት። ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። አገራችንም እንደዚያች ከተማ በመፍረስና በመሠራት ላይ ናት። በሶዶም በሃላሌም አካባቢ ትልቁ የወላይታ የሣር ቤት እየቀነሰ ቆርቆሮው እየበዛ ነው። ቆርቆሮውን አልነቅፍም፤ ሣር አምጥቶ ቤት መክደን ምን ያህል ድካም እንዳለው የሚያውቅ ሰው አይነቅፈውም። ነገር ግን ያ ቤት ምሰሶው እንዴት እንደሚቆም፣ ከብቱ በየት፣ እሳቱ በየት፣ ሰው በየት እንደሚሆን፣ ጣራው በምን ጥበብ እንደሚታሰር የሚያውቁት አናጢዎች ሳያልፉ ማን ይስለው? ማንስ ይለካው?

ለዚህ ሥራ ሹመት አያስፈልግም፤ በጀትም አያስፈልግም። እርሳስ፣ ወረቀትና አንድ የዕረፍት ጊዜ ይበቃል። በሚመጣው ክረምት ወደየቤታችን ስንሄድ ከመካከላችን አሥር ሰዎች አንዳንድ ቤት ለክተው፣ ስለው፣ የሠሪውንም ስም ጽፈው ቢመለሱ፣ ለሚቀጥለው እትም ከዚህ ታሪክ የሚሻል ጽሑፍ ይገኛል። የሠሪውን ስም መጻፉ እንዳይረሳ። ሜሪዮንን ስሙን የጠራለት ሰው የተገኘው በጣም ዘግይቶ ነው፤ እኛ ለባለ እጆቻችን በሕይወት ሳሉ እንድረስላቸው።